የአንድ ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ

ከሚዛን ተፈሪ ወጥቶ በቦንጋ መንገድ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ወንዝ ማዶ ይደርሳል። ወንዝ ማዶ ሰው የሚያድርበት እንጂ የሚውልበት ሰፈር አልነበረም። ጠዋት ነጋዴው ወደ ገበያ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ጸሐፊዋ ወደ ቢሮ፣ ሁሉም ወደ ሚዛን ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። መሄዱን የሚወስነው ግን ሰዓት አልነበረም፤ የመኪናው መሙላት ነበር። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። ዝናብ ቢዘንብ፣ የትምህርት ቤት ደወል ቢደወል፣ ሰው ቢታመም፣ ካልሞላ አይነሣም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የማያውቀው ሰው ግን አልነበረም።

ይሄይስ የጋሽ ወልደአማኑኤል ሚኒባስ ረዳት ነበር። ለረዳትነት የሚሆን ድምፅ አልፈጠረበትም። ሌሎቹ «ሚዛን፣ ሚዛን፣ አንድ ሰው ቀረው» እያሉ ሰፈሩን ሲያናውጡት እሱ የመኪናውን በር ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል።

«አንተ ልጅ» ይሉታል ጋሽ ወልደአማኑኤል ከመሪው ጀርባ ሆነው፣ «ተሳፋሪ እኮ በሕልሙ አያይህም። ጥራ እንጂ።»

እሱ ካልጠራ ደግሞ እሳቸው መላ አላቸው። ባዶ መኪና ሰው አይስብም፤ ስለዚህ ሥራ የፈቱ ሁለት ጎረምሶች መንገደኛ መስለው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሌላው ሰው «ሊሞላ ነው» ብሎ ይገባል። መኪናው በእርግጥ ሊሞላ ሲል ጎረምሶቹ አንድ ነገር የረሱ መስለው ይወርዳሉ።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንዲት ልጅ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቀጠን ያለች፣ ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ ያለባት ልጅ ነበረች። ሁለቱ ጎረምሶች ሲወርዱ በዐይኗ ሸኘቻቸው።

«ወንድም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እነዚህ ልጆች ከሚዛን ጋር ምን አጣላቸው?»

«የትኞቹ?»

«እነዚህ ናቸዋ። ትናንትም ሳይሄዱ ወረዱ። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።»

ሌላ ረዳት ቢሆን ዐሥር ውሸት ያገኝ ነበር። ይሄይስ ጆሮው ድረስ ጋለ። «የሚሄዱ አይደሉም» አለ። «መኪናው የሞላ እንዲመስል ነው የሚቀመጡት።»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እውነት የሚናገር ረዳት ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ሚዛን እስኪደርሱ ድረስ ይሄይስ ወደ ውጪ እያየ መጣ፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ ግን የሚያየው እሷን ነበር።

ስሟ የሺሃረግ ነበር። ሚዛን ገበያው በር ላይ ባለ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አባቷ አቶ ባየ የቡና እርሻ ጡረተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሷ ደግሞ ቁርሳቸውን ሳታቀርብ፣ ጉልበታቸውን በቅባት አሽታ በጨርቅ ሳታስር ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትዘገያለች።

ይሄይስ ይጠብቃት ጀመር። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቱን ያኖራል። የሚቀመጥ ሲመጣ «ሰው ይዞታል» ይላል።

«የታለ ሰውየው?» ብለው ይቆጣሉ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች። «ጃኬቱ ነው ሰውየው?»

ጋሽ ወልደአማኑኤል በመስታወታቸው ያዩና ይስቃሉ። «ተዉት እናንተ። መኪናው ባይሞላም ልጁ ሞልቶለታል።»

ከዳገቱ ላይ የዘይቱን ዛፍ አለ። የሺሃረግ ከዛፉ ሥር ብቅ ስትል ቢጫ ጃንጥላዋ ይታያል። ከዛፉ እስከ መኪናው አራት ደቂቃ ያስኬዳል። ይሄይስ በየቀኑ እየቆጠረ አረጋግጦታል። በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ ልቡ እንዴት እንደሚሆን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሷም ቢሆን። እሷ ትገባለች፣ ጃኬቱን አንሥታ ትሰጠዋለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ለስምንት ወር ያህል ነገራቸው ይኸው ነበር።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ከቤቱ አስቀረ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ቀርቶት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ። የሺሃረግ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣ ነበር። 

«አመመሽ እንዴ?» አላት በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ።

«የለም» አለች። «እናቴ እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ነው የሞተችው። ምጥ ላይ ነበረች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ። ያን ቀንም ሁለት ሰው ነበር የቀረው። አባቴ ሹፌሩን ለመነው። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ‹አይዞዎት ጌታዬ፣ አሁን ይሞላል› ይል ነበር።»

«ሞላ?»

«ሞላ። ግን ሚዛን ሳንደርስ…» ጣቷን በመስታወቱ ላይ በተኛው ጉም ላይ አስኬደች። «ሰዓቱን ጠብቆ የሚሄድ መኪና ቢኖር እላለሁ አንዳንዴ። ባዶውንም ቢሆን የሚሄድ።»

 ይሄይስ ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። እሷም አልመለሰችለትም፤ ለብሳው ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እነሱም ዐወቁት።

አቶ ባየ ወሬውን ሲሰሙ አልጮኹም። «ልጄ» አሏት፣ «በር ላይ ተንጠልጥሎ ለሚኖር ሰው አልሰጥሽም። ደመወዝ ይኑረው፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላክ።»

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አንድ የትራንስፖርት ማኅበር ሦስት አዳዲስ አውቶቡሶች አስመጣ። ማቆሚያው ላይ ቆርቆሮ ክዳን ተሠራ፤ ምሰሶው ላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰቀለ። ከሰዓቱ ሥር በቀለም «በየግማሽ ሰዓቱ ይነሣል፤ ሞላም አልሞላም» ተብሎ ተጻፈ።

ያመነ ሰው አልነበረም። «ባዶውን ሊሄድ? ነዳጁ ከወንዙ ይቀዳል እንዴ?» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሰዎች አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሊሞላ ሲል ለመግባት። አውቶቡሱ ሰባት ሰው ይዞ ከአጠገባቸው ይሄዳል። ብርጭቆ እንደያዙ ይቀራሉ። አንድ አዛውንት ሦስት ቀን እንዲህ ከቀሩ በኋላ «ይሄ መኪና ንቆናል» አሉ። በአራተኛው ቀን ግን ከሁሉም ቀድመው ገብተው ተቀመጡ። ወር ሳይሞላ ተማሪዎች ደወል ሳይደወል መድረስ ጀመሩ፤ ገበያተኛዋም ልጇን «በሦስት ሰዓቱ እመለሳለሁ» ብላ ትታ መሄድ ቻለች።

«ለትኬት ቆራጭነት ተመዝገብ» ያለችው የሺሃረግ ነበረች።

«የሚፈልጉት የሚጮህ ሰው ነው።»

«አይደለም። የሚጮህ ሰው የሚፈልገው ሚኒባስ ነው። ይሄ የሚፈልገው ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው።»

ተመዘገበ። የትምህርት ማስረጃው የስድስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉ ግን የታተመ ይመስላል። መነሻ ሰዓትና የመዘግየት ምክንያት የሚጻፍበት መዝገብ ስለነበር ለጽሕፈቱ ሲሉ ቀጠሩት። ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ፊሽካ፣ መዝገብና ሰማያዊ ኮት ተሰጠው። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ሚኒባሳቸውን ሸጠው የአውቶቡሱ ሹፌር ሆኑ።

ኮቱ ሰፋው። የሺሃረግ ወስዳ አጠበበችው። ከውስጥ በኩል፣ በግራ ደረቱ ላይ፣ በቀይ ክር አንዲት ትንሽ ኪስ ሰፋችለት። «ፊሽካህ እዚህ ትሁን» አለችው። «ስትነፋ እንድታስታውሰኝ።»

«ሳልነፋስ?»

ቀና ብላ አየችው። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ሰምታ አታውቅም። 

የሙከራ ጊዜው ታኅሣሥ ላይ ሰኞ ቀን ያልቅ ነበር። ችግሩ ግን ከሰኞ በፊት እሑድ አለ። ቴፒ ውስጥ ኮረሪማና ዝንጅብል የሚነግድ ተረፈ የሚባል ሰው ለየሺሃረግ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ነቀፋ አልተገኘበትም። አቶ ባየ ለሽማግሌዎቹ «እሑድ መልስ እሰጣለሁ» ብለው ነበር።

«ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤዬን ይዤ ብመጣስ?» አላት ይሄይስ።

«አባቴ ቃሉን እሑድ ከሰጠ ሰኞ አይመልሰውም።»

ቆመው ወንዙን ያያሉ። የሺሃረግ ናት የቆረጠችው። «ቅዳሜ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ። ሚዛን አክስትህ እትዬ ለተብርሃን ጋ አርፋለሁ። ሰኞ ሽማግሌ ከነደብዳቤህ ለዕርቅ ይምጣ። አባቴ ይቆጣል፤ ከዚያ ይመርቃል። ሁሉም አባት እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት?»

«በአንድ ሰዓት ተኩሉ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መውጣት የለም።»

«እንዳትዘገዪ።»

ፈገግ አለች። «ብዘገይስ?»

 ይሄይስ እጁን ቀይ ክር ባለባት ኪስ ላይ አሳረፈ። እሷ ያን እንደ ቃል ኪዳን ወሰደችው። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ እንደ ቃል ኪዳን ነበር ያሳረፈው።

ቅዳሜ ሰማዩ የጠራ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አራት ሰዎች በቃሬዛ አንዲት ሴት ይዘው ከጫካው መንገድ ወጡ። የቤንች ገበሬዎች ናቸው። ሴትዮዋ ምጥ ላይ ነበረች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ደግፈው አስገቧትና ሦስተኛው ወንበር ላይ አስተኟት። ባልዋ በር ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ባልለመደው አማርኛ ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ መቼ ነው የሚሄድ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። አሁን።»

ይሄይስ ወደ ዳገቱ አየ። ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ማንም የለም። ሰዓቱን አየ። የቀረው አንድ ደቂቃ ነው። እንደገና ወደ ዳገቱ ሲያይ ቢጫ ጃንጥላው ብቅ አለ። በሌላ እጇ ሻንጣ ይዛለች። ሻንጣው ስለከበዳት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ትሮጣለች።

ከዛፉ እስከ አውቶቡሱ አራት ደቂቃ ነው። በሻንጣ ደግሞ አምስት።

ከውስጥ ሴትዮዋ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ አወጣች። ባልዋ ወንበሮቹን በዐይኑ ቆጠረ። ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ፊቱ ላይ የተስፋ መቁረጥ ጥላ ወደቀ። ሰዓቱን ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው የድሮውን ሕግ ነው።

«አልሞላም?» አለ። «ስንት ሰው ቀረ?»

ይሄይስ በዚያች ቅጽበት ያሰበውን በኋላ ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሯል። መኪና ውስጥ እናቷ እግር ሥር የተቀመጠችውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቧል። በኪሱ ሊገባ ሁለት ቀን የቀረውን ደብዳቤም አስቧል፤ መዝገቡ ላይ አንድም መዘግየት አልነበረም። ደግሞም በድሮ ጊዜ ከመኪና የቀረ ሰው ግማሽ ቀን ይቀር ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ አለ። የሁለት ሰዓቱ አይቀርም። ግማሽ ሰዓት ምን አላት፤ ትጠብቃለች።

ጋሽ ወልደአማኑኤል በመስታወታቸው ጃንጥላውን አይተዋል። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን ላድርግ?»

ይሄይስ ፊሽካውን ነፋ።

አውቶቡሱ ሲነሣ የሺሃረግ ከዳገቱ ወገብ ላይ ነበረች። እጇን አነሣች። ከዚያ ሻንጣውን አስቀመጠች። ጃንጥላው እጥፋቱ ላይ እስኪሰወር ድረስ ቢጫው ታየው፤ አይነቃነቅም ነበር።

ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ገብታ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ይሄይስ ግን መናኸሪያው ላይ ቆሞ የሁለት ሰዓቱን አውቶቡስ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወረደ። ሻንጣ የያዘች ልጅ አልነበረችም።

«ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ማቆሚያው ላይ አላየህም?» አለው የዚያኛውን ትኬት ቆራጭ።

«ማንም አልነበረም። ማቆሚያው ባዶ ነበር።»

ለወትሮው ከመኪና የቀረ ሰው ቀረ ማለት ነው። የሺሃረግ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከመኪና ቀርታ አታውቅም ነበር፤ የሚጠብቃት ስለነበረ። አውቶቡሱ ዐይኗ እያየ ሲሄድባት የሁለት ሰዓቱ በአእምሮዋ አልመጣም። ሻንጣዋን አንሥታ ዳገቱን ወጣች። አባቷ ደጅ ላይ ደረሱባት። ሻንጣውን አዩ፤ ምንም አልጠየቋትም። ተቀብለዋት ወደ ቤት አስገቡት።

እሑድ ማለዳ ጓደኛዋ ማናልሞሽ ማቆሚያው ድረስ መጣች።

«ላናግራት እፈልጋለሁ» አላት ይሄይስ።

«አትፈልግም። ‹ጠብቆ የማያውቅ ሰው ቢሆን አይከፋኝም ነበር በይው› ብላኛለች።» ማናልሞሽ ፊቱን አየች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ምክንያት ካለህ ንገረኝ፤ ሮጬ እነግርልሃለሁ። ሽማግሌዎቹ ገና አልመጡም።»

ይሄይስ አፉን ከፈተ። በምጥ የተያዘችው ሴት ከንፈሩ ላይ ነበረች። ግን ከእሷ ጋር ደብዳቤውም አብሮ መጣበት። ፊሽካውን ያስነፋው የትኛው እንደሆነ አላወቀውም። በዚያች ምስኪን ሴት ጀርባ መደበቅ መስሎ ታየው።

«ሰዓቱ ደርሶ ነበር» አለ።

«ይሄን ልንገራት?»

ይሄይስ ፊቱን ወደ ሰዓቱ መለሰ። ማናልሞሽ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ሰኞ ቋሚ የሆነበት ደብዳቤ ደረሰው። ጥር ላይ የሺሃረግ ተድራ ወደ ቴፒ ሄደች። የሙሽራዋ መኪና በማቆሚያው በኩል ሲያልፍ ይሄይስ መዝገቡ ላይ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። ይሄይስ የወንዝ ማዶ ማቆሚያ ስምሪት ኃላፊ ሆነ፤ አሁን አውቶቡሶቹን የሚያስነሣው እሱ ነው። አውቶቡሶቹ ሰባት ደርሰዋል። ሰው «በሁለት ሰዓቱ እንገናኝ» ብሎ መቀጣጠር ለምዷል። ልጆች የድሮውን ሕግ አያውቁትም። ኮቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ትንሿን ኪስ ግን ከአሮጌው እየፈታ በአዲሱ ላይ በእጁ ይሰፋታል። ስፌቱ አያምርም። አላገባም። አክስቱ እትዬ ለተብርሃን መጠየቅ ትተዋል።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አቶ ባየ ዐረፉ። ይሄይስ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ ሸኛቸው። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ሦስት ዓመት የሚሆናትን ልጅ እጅ ይዛ ዳገቱን ወረደች። ዘይቱኑ ሥር ብቅ ስትል ዐወቃት። ጃንጥላ አልያዘችም። አራት ደቂቃ ቆጠረ፤ ከልጅ ጋር ግን ሰባት ሆነ።

«እንደምን አለህ፣ ይሄይስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የሺ።»

ሰዓቱ ለመነሻው ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል። ልጅቷን ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀመጠቻትና ተመልሳ ወረደች።

«ለቅሶው ላይ አንድ የቤንች ሰው መጥቶ ነበር» አለች። «አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ይዞ። ልጁ የት እንደተወለደ፣ ያልሞላ አውቶቡስ እንዴት እንዳደረሳቸው ለሰው ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ቀኑን ጠየቅኩት።»

ይሄይስ ዐይኑን ሰዓቱ ላይ ተከለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእሷ ብዬ ይሁን ለደብዳቤው ብዬ አላወቅኩትም» አለ። ይህን ለመናገር አራት ዓመት ፈጅቶበታል። «የማላውቀውን ምክንያት ማድረግ አልሆነልኝም።»

የሺሃረግ ልጇን በመስኮቱ አየቻት። «እኔስ?» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ እኔ አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አቃተኝ። የሁለት ሰዓቱ ሲያልፍ እቤት ሆኜ ሰማሁት፤ ታውቃለህ? ድምፁን ሰማሁት። ያኔ ነው ሌላ እንዳለ ትዝ ያለኝ። አባቴ ሻንጣዬን ይዞት ነበር።»

ንፋስ የዘይቱኑን ቅጠል አንቀሳቀሰ። የሚባል ነገር አልቀረም፤ ወይም የቀረው በስድስት ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረም።

«ተረፈ ደግ ሰው ነው?»

«ደግ ነው» አለች። «ደግ ነው፤ ምንም አልጎደለኝም።»

«እንኳንም።»

ገብታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ወጣች። የሰዓቱ ረጅም እጅ ስድስት ላይ ደረሰ። ይሄይስ እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ፤ ፊሽካዋን ያዘ፤ ግን አላወጣትም። ሹፌሩ በመስታወቱ አየው። አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ውጪ ተመለከተ።

የሺሃረግ መስኮቱን ከፈተች። ቀዩን ክር ከኮቱ ሥር አይታው ነበር።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለችው። ድምፏ ያን የመጀመሪያ ጠዋት በሚኒባሱ ውስጥ እንደሰማው ዝቅ ያለ ነበር። «ንፋ፣ የኔ ወንድም። ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም።»

ነፋ።

አውቶቡሱ ተነሣ። ልጅቷ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘች፤ ማንን እንደምትሰናበት አታውቅም። አውቶቡሱ እጥፋቱ ላይ ሲሰወር ይሄይስ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። መዝገቡን ገለጠ። ብዕሩን አነሣ።

መነሻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። በመዘግየት ምክንያት ፊት ለፊት እንደ ሁልጊዜው ጭረት አሰመረ። ከጎኑም ጻፈ፦ በሰዓቱ።